እምብርት የሌለው ጥብጣብ

ራስል የሚባለው አሜሪካዊ በራችን ላይ ቆሞ «እኔ ምስኪኗ በዝናብ ስጠብቅህ ነበር፣ ውዴ» ብሎ ሲያጎነብስልኝ፣ ባለቤቴ ፉሚኤ ሳቋን ልትውጥ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች።

ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቁመቱ ከበራችን መቃን ይበልጣል። ጃፓንኛን የተማረው ከሩሪኮ ዘፈኖች ብቻ ነው፤ ሩሪኮ ደግሞ በወጣትነቷ የዘፈነችው ሁሉ ወደብ ላይ ተጥላ ስለቀረች ልጅ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቅ እንኳ የተከዳች ኮረዳ ይመስላል።

«ግቢ እንጂ፣ ምስኪኗ!» አለች ፉሚኤ ከውስጥ። «ጫማሽን ግን አውልቂ።»

ጫማውን ማውለቅ ዛሬም ረስቷል። ወለሉን ማን እንደሚወለውል መናገር አያስፈልግም።

ገብቶ ሻንጣውን ከፈተው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በወረቀት ጥብጣብ ጥቅል ተሞልቷል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። አንዱን አነሳሁና መሃሉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጠንካራ ነው፤ ካርቶኑ አልወጣም። ሌላውን ሞከርኩ። እሱም ያው። «ናም አሚዳ ቡቱ» አልኩ በልቤ። ሰው ጥርሱን ከሚያንገጫግጭ የቡድሃን ስም ቢጠራ ይሻለዋል።

ሩሪኮ የኛው የወደብ ከተማ፣ የሞጂ ልጅ ናት። ወጣት ሳለን እኔና ጓደኞቼ ግንባራችን ላይ ሻሽ አስረን፣ በየሄደችበት እየተከተልን፣ በስንኝ መሃል ስሟን እየጠራን፣ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ጥብጣብ እንወረውርላት ነበር። ጫፉን ይዘህ ስትወረውረው በአየር ላይ እየተፈታ ሄዶ ትከሻዋ ላይ ያርፋል። የጥቅሉ እምብርት ግን ካርቶን ነው፤ ካርቶን ደግሞ ሰው ይፈነክታል። ስለዚህ አዳራሽ ከመግባታችን በፊት እያንዳንዱ የራሱን እምብርት ያወጣል። በር ላይ ቆሜ ጥቅሉን ሁሉ በአውራ ጣቴ የምፈትሸው እኔ ነበርኩ። በትኩሳት አልጋ ላይ በወደቅኩበት ሰሞን፣ ሌላ ከተማ ላይ፣ የማናውቀው አንድ ሰው ከነእምብርቱ ወረወረው። ቅንድቧ ላይ ተፈነከተች። ልጅቷ ወደብ ላይ ጀልባ የምትጠብቅበትን የጀልባዋን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ እየዘፈነች ነበር፤ የመጨረሻው ቤት ላይ ልትደርስ ስትል አቆመች። ከዚያ በኋላ ያን ዘፈን መድረክ ላይ ጨርሳው አታውቅም። ብዙም ሳይቆይ መዝፈኑንም ተወች፤ አግብታ የባሏ ቤተሰብ የዓሣ ሱቅ ውስጥ ገባች። እኔም እስከ ዛሬ ከእሷ ዓሣ እገዛለሁ፤ ስለ አየሩ ጠባይ እናወራለን። የዘፈኑን መጨረሻ ከሸክላው አውቀዋለሁ። ከአፏ ግን አልሰማሁትም። ከዚህ ዓለም ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ብሰማው ሌላ የምለምነው አልነበረኝም።

ከዚያ አሜሪካኖቹ መጡ። አንዳቸውም ፈልገው አላገኟትም፤ ሌላ ዘፈን እያዳመጡ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ የእሷን አስከተለላቸው። አሁን በዓሣው ሱቅ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ። የድሮ ሸክላዋን ሲያገኙ ልባሱ ላይ የታሰረችው የወረቀት መቀነት አለመቀደዷን አይተው ሊሳለሟት ይቃጣቸዋል። እኛ እኮ መቀነቷን ቀደን ነበር የምንጥላት!

በመጨረሻ ሩሪኮ እንደገና ልትዘፍንላቸው እሺ አለች። በከተማው አዳራሽ፣ ለአንድ ምሽት።

«የጀልባዋንስ?» አልኳት ዓሣዬን ስትጠቀልል።

እጇ ቆመ። «እነዚህ ልጆች ጥብጣብ ካልወረወርን ብለው ለምነውኛል፣ ኢዋሴ ሳን። እስካሁንም ወደ ዓይኔ የሚመጣ ነገር ሳይ እፈራለሁ። እርስዎ በአውራ ጣትዎ ከፈተሹት ግን... እሞክረዋለሁ።»

የአዳራሹ ኃላፊ ኦካቤ ቃሉ አጭር ነበር፦ «አንድ ጠጣር ነገር መድረኩ ላይ ካረፈ መብራት አበራለሁ። ሁሉም ወደ ቤቱ።»

እንግዲህ አሜሪካኖቹን ደንቡን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። የመንደራችን መነኩሴ የቤተ መቅደሱን አዳራሽ ሰጡን፤ አሚዳ ቡድሃ ትዕግሥቱ ያለቀበትን ሰው አስቀድሞ ያድናል ብለው አጽናኑኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እኛ የምናጨበጭበው ምቱ ሲወርድ ነው። እነሱ ደግሞ ምቱ ሲነሳ ነው። አንድ ላይ ሲሆን ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ ይመስላል። «ሲወርድ!» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲነሳ ያጨበጭባሉ።

«ስሟን የምትጠሩት በስንኝና በስንኝ መሃል ነው» አልኳቸው። «እሷ ስትዘፍን አፍ ይዘጋል።»

«ለምን?» አለችኝ ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ማርሲ የምትባል ሴት፣ በስልኳ አስተርጓሚነት።

«እሷን ልንሰማ ነዋ የመጣነው!»

ስልኩ ተረጎመላት። አሰበችበት። «እኛ ግን የወደድነውን አብረን ነው የምንዘፍነው» አለ ስልኩ በዚያ በደረቅ ድምፁ።

«የወደዳችሁትን ዝም ብላችሁ ስሙት!»

ስልኩ ይህን ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሁሉም ብድግ ብለው አጨበጨቡልኝ። ያውም ምቱ ሲነሳ።

ስለ እምብርቱ ስነግራቸው ግን ራስል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ውዴ፣ በዚያች ምሽት፣ በገዛ እጄ አወጣዋለሁ። ባሕሩ ይመስክርብኝ።»

«ባሕሩን ተወው። ሻንጣውን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ቅር ብሎታል፤ ቢሆንም ሰጠኝ።

ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው እቤት ተቀምጬ የጥቅሎቹን እምብርት ሁሉ አወጣሁ። ፉሚኤ ቆማ ታየኛለች፤ ስትቆጣ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ።

«የቺዙ አባት፣ አሁን ነው የምታወጣው? በዚህ የዝናብ ወር? እኔ ሩዝ የምጠቀልልበትን ደረቅ የባሕር ቅጠል ከጣሳው ሳወጣው እጄ ላይ ጨርቅ እየሆነብኝ!»

«ይሄ ወረቀት ነው።»

«ድሮ በሩ ላይ ነበር የምታወጡት። አንተው ነህ የነገርከኝ።»

«ድሮ የምፈትሸው የጃፓን ልጆችን ነበር። እነዚህን ልመን?»

«አይ አንተ!» ብላ ትታኝ ሄደች።

ጥቅሎቹን በሳጥን ደርድሬ፣ ጠዋት ጠዋት ሩዝ በማቀርብበት የጸሎት መደርደሪያችን ሥር አስቀመጥኩ። እዚያ ምን ይነካቸዋል ብዬ ነው።

በዝግጅቱ ዕለት ዝናቡ አላባራም። አዳራሹ ጢም ብሏል። የሞጂ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አሜሪካኖቹ ከፊት ቆመዋል፤ የራስል ትከሻ የመድረኩን ግማሽ ጋርዶብኛል። «ተቀመጥ!» ብዬ ኮቱን ብጎትተው ዞሮ እንደናፈቅኩት ሁሉ ፈገግ አለልኝ።

ሩሪኮ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ድምፅዋ ወፈር ብሏል፤ አምሮበታልም። ዘፈን በዘፈን ተተካ። ከዚያ የጀልባዋ ዘፈን ጀመረ። አዝማቹ ላይ እጄን አነሳሁ። ወረወሩ።

ጥብጣብ በአየር ላይ እንደ ቀስተ ደመና መዘርጋት ነበረበት። አልተዘረጋም። ወረቀቱ ያን ሁሉ እርጥበት ጠጥቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ጢብ! ጢብ! ጢብ! የሩዝ ድቡልቡል ይመስል መድረኩ ላይ ወረደ። አንዱ ጉልበቷን መታት።

ዓይኗን ጨፈነች። እጇ ወደ ቅንድቧ ሄደ። ዘፈኑ ቆመ፤ የመጨረሻው ቤት ላይ ሊደርስ ሲል፣ ድሮ በቆመበት ቦታ። ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ኦካቤም እንዳለው አደረገ፤ መብራቱ ቦግ አለ።

እኛ ሰው ሲያፍር ዓይናችንን እንሰብርለታለን፤ ያላየን እንመስላለን። የሞጂ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። ጨዋነት ነው። ሴትየዋ ግን እዚያ ላይ ዓይኗን ጨፍና ብቻዋን ቆማለች፤ ከጨዋዎቹ አንድም የረዳት የለም።

ያኔ ራስል ዘፈነ። ከቆመችበት ቦታ ቀጥሎ፣ ልጅቷ የጀልባዋን መብራት ከሩቅ የምታይበትን ቤት፣ በዚያ በአውቶቡስ ሹፌር ድምፁ። ማርሲ ተከተለችው። ከዚያ ሁሉም። አፍ ይዘጋል ያልኳቸው በሙሉ።

ሩሪኮ ዓይኗን ገለጠች። ጎንበስ ብላ የመታትን ጥቅል አነሳች፤ አውራ ጣቷን መሃሉ ላይ አደረገች። ጣቷ አልፎ በወዲያ በኩል ወጣ። ወደ ኦካቤ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ኦካቤ ሳን፣ ባዶ ነው። መብራቱን ያጥፉልኝ።»

ጠፋ። ሙዚቀኞቹ ተቀበሉ፤ እሷም ዘፈነች። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት መጣ ማለት ነው። ያ ሁሉ አሜሪካዊ ግን አላቆመም! እሷ ስትጀምር እንደውም ባሰባቸው። «ኧረ ዝም በሉ! ልስማበት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ። በራስል ትከሻና በማርሲ አረንጓዴ ጸጉር መሃል አንገቴን አሾልኬ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ። ጨረሰችው። ጨርሳውም ሳቀች።

ስንወጣ በር ላይ አገኘችኝ። «ኢዋሴ ሳን፣ ዘንድሮ ጥብጣቡን ቀቅለውት ነው የመጡት?» አለችኝ። ግንባሬ ጉልበቴን እስኪነካ አጎነበስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ራስል ሊሰናበተን መጣ። ይገርማል፣ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ደንባችን ጫፉን ወደ በሩ አዙሮ አስቀምጦታል። ካልሲው ግን በዝናብ ርሶ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል።

ፉሚኤ የሚጠጣ አቀረበችለትና ወደ እኔ ዞረች። «ጨረሰችው አሉ። እንዴት ነበር መጨረሻው? ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቅከው!»

«እሱን ጠይቂው» አልኳት። «የሰማሁት የእሱን ነው።»

ራስል እሱን ማለታችን ገባው። ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የመጨረሻውን ቤት ጀመረው፤ እዚያው፣ በጠዋቱ፣ የጎረቤቱ መስኮት እስኪነዝር።

ፉሚኤ ታጨበጭብለት ጀመር። ያውም ምቱ ሲነሳ።