የማይነካው ክዳን

በድረዲን የሚኒባሷን የዘይት መሙያ ክዳን አዙሮ ከፈተና ጣቱን ወደ ውስጠኛው ጎኑ ላከ። የነካው ዘይት አልነበረም። እንደ እርጎ የወፈረ የሚያዳልጥ ነገር ነው። በሁለት ጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገና አሸተተው። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

"ኑሀ!" ሲል ታናሽ ወንድሙን ጠራ። "ትናንት ሞተሩ ሞቆብሃል?"

"እኔ? የት?"

"ሌሊቱን ዘይት ቀይረሃል። መለኪያውን ዳስሼዋለሁ፣ ዘይቱ አዲስ ነው። ክዳኑን መጥረግ ግን ረስተሃል።"

ኑሀ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። "ከዋጃ ስመለስ ሞቀብኝ። ቆሜ ላብርዳት ብል ተሳፋሪው ይወርድብኛል፣ ዝም ብዬ ነዳሁ። የሚገዛት ሰውዬ ገበሬ ነው፣ ምን ያውቃል? ወላሂ ለኔ ብዬ አይደለም፣ ለዓይንህ ነው።"

ለዓይኑ መሆኑስ እውነት ነው። ይህችን ሚኒባስ አሥራ አራት ዓመት የነዳት በድረዲን ራሱ ነበር። ለሹፌር ሁሉ "ሳይበርድ አትክፈት" እያለ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ዋጃ ላይ ተሳፋሪ ሲነዘንዘው ቸኩሎ የጋለ ራዲያተር ከፈተ። የፈላው ውሃ ፊቱ ላይ ፈንድቶ ሁለት ዓይኖቹን አጠፋቸው። ከዚያ ወዲህ የሚነዳት ኑሀ ነው፤ በድረዲን ደግሞ ጠዋት ጠዋት በጣቱ ይፈትሻታል። የቀኝ ዓይንህ አዲስ አበባ ቢታከም ብርሃኑ ይመለሳል ብለውታል ሐኪሞቹ። ለዚያ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ የለም።

ቆቦ ላይ በድረዲን ዳስሶ ደህና ናት ያላትን መኪና የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። ከጎብዬ የመጣው አላምረውም ይህንኑ ሰምቶ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ መንጃ ፈቃድ ከማውጣት በቀር ስለ መኪና የማውቀው የለኝም" አለ፣ በቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር እንደቆመ። "አንቱ ደህና ናት ካሉኝ እፈርማለሁ። በሬዎቼን ሸጬ ነው የመጣሁት።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

የበድረዲን ሚስት ኡሙሃኒ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ንገረው እንጂ፣ የሀስና አባት" አለች በደስታ። ስለ ውሃው የምታውቀው ነገር የላትም፣ ምስኪን። የጉዞ ልብሱን ከትናንት ወዲያ አጥባ አጣጥፋዋለች።

"ደህና ናት" አለ በድረዲን። ጣቱን በሽርጡ ጠረገ።

"እንግዲያው አያያዟን አስተምሩኝ።"

ይህን አልጠበቀም። ቢሆንም የአላምረውን እጅ ያዘ፤ ሻካራ፣ የእርፍ እጅ ነው። ወደ ተከፈተው ኮፈን ወሰደው።

"ሞተር ሳታስነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁመህ ነው የምታያት። ይሄ የዘይት መለኪያ ነው። አውጣ፣ በጨርቅ ጥረግ፣ መልሰህ ክተት፣ ደግመህ አውጣ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክት መሀል ይሁን።"

"በሁለቱ ምልክት መሀል" አለ አላምረው፣ እንደ ቄስ ተማሪ ቃሉን እየተቀበለ።

"ራዲያተሩን ስትበርድ ብቻ ነው የምትከፍተው። ከረሳህ የኔን ፊት አስብ። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አትጨምርበት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀው የለ? እዚህም ይጋገራል።"

"የኛ አገር ውሃ ያው እሱ አይደል፣ ጋሼ!"

"እሱ ነው። ይሄ ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ ነው፣ በአውራ ጣትህ ጫነው። ከላላ አስጠብቅ፣ ከተሰነጠቀ ቀይር። የጎማውን ነፋስ በጠዋት፣ ሳይሞቅ አስለካ።"

"በሬዎቼ እንኳ እንዲህ ተዳሰው አያውቁም" ብሎ አላምረው ሳቀ። "ለዚህ ነው ጥለውኝ የሄዱት።"

ኡሙሃኒም ከበሩ ሳቀች። በድረዲን አልሳቀም። የሰውየው እጅ ከእጁ ወጥቶ ሞተሩ ላይ ሲሄድ ይሰማዋል።

"ይሄስ ክዳን?"

"የዘይት መሙያ ነው" አለ ኑሀ ፈጠን ብሎ። "እሱ አይነካም።"

"እሺ። እሱ አይነካም" አለ አላምረው፣ የቅድሙን ሁሉ በተቀበለበት በዚያው ድምፅ።

ያቺ ድምፅ በድረዲንን ያዘችው። ሰውየው ጎብዬ ገብቶ ይህንን ለልጆቹ ሊያስተምር ነው፤ በድረዲን ነገረኝ ብሎ።

"ይነካል" አለ።

"ወንድሜ!" አለ ኑሀ።

"ይነካል፣ አላምረው። ወደ ግራ አዙረህ ክፈተው። ገልብጠህ ውስጡን እይ።"

ክዳኑ ተከፈተ። አላምረው ገልብጦ አየው።

"ነጭ ነው፣ ጋሼ" አለ አላምረው። "እርጎ ይመስላል። ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው። ሞተሯ ተበልቷል። ደህና ናት ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ በሬዎችህ ካልታረዱ ሂድና መልሳቸው።"

ቁልፉ ድንጋይ ላይ ሲወረወር ሰማ፤ ከዚያ የኑሀ እርምጃ በውጭው በር ወጣ። ከቤቱ በኩል ደግሞ የኡሙሃኒ ነጠላ ጫማ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማ። ሳጥኑ ተከፈተ። የጉዞ ልብሱን እየመለሰችው ይሆናል።

አላምረው ክዳኑን እንደያዘ ቆሟል።

"ግጠመው" አለው በድረዲን። "ተከፍቶ አያድርም። አቧራ ይገባል።"