ዘጠኝ ዶላር ከአሥራ ሰባት ሳንቲም

ባንኩ የሎሬታ ስካግስን አባት የዘረፈው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሽጉጥ አልያዘም፣ ፊቱንም አልሸፈነም። እንዲያውም ምን ያህል እንደዘረፈ በየወሩ በፖስታ ይልክለት ነበር፤ ከታችም "ደንበኛችን ስለሆኑ እናመሰግናለን" የሚል ነበረበት።

አባቷ ቨርጂል ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመስታወት ፋብሪካ ምድጃ ፊት ቆሞ ያረጀ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው ማሪዌል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ተጎታች ቤቶች በተደረደሩበት መንደር የሚኖር የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሒሳቡ ውስጥ አራት መቶ ዶላር ነበረው። በካርዱ ዳቦ ገዛ፣ የሳል ሽሮፕ ገዛ፣ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ትል ገዛ፣ ቁርስ ቤት ገብቶ እንቁላል በላ፣ ለሚስቱ መቃብር አበባ ገዛ። የዚያኑ ቀን ማታ ቤቱ ያረፈበት ቦታ ኪራይ፣ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ዶላር፣ ተቆረጠ።

በተገዛበት ተራ ቢቆረጥ ኖሮ የሚያጥረው ለኪራዩ ብቻ፣ የሚቀጣውም አንዴ ብቻ ነበር። ባንኩ ግን ትልቁን አስቀደመ። ኪራዩን መጀመሪያ ቆረጠና ሁለት ዶላር አስቀረለት። ከዚያ ዳቦው፣ ሽሮፑ፣ ትሉ፣ እንቁላሉና አበባው አንድ በአንድ "ከሒሳብ በላይ የወጣ" እየተባሉ ሠላሳ ስድስት ሠላሳ ስድስት ዶላር ተቀጡ። የሦስት ዶላር ዳቦ ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ገባ። በሠላሳ ዘጠኝ ዶላር እኮ ሰው በግ ባይገዛ እንኳ ጥሩ የበግ ታፋ ይገዛል።

የሚቀጥለው ወር ጡረታው ሲገባ ቅጣቱ በላው፤ ጡረታው ስለተበላ ደግሞ ሌላ ቅጣት መጣ። በአራት ወር አሥራ ዘጠኝ ቅጣት፣ ስድስት መቶ ሰማንያ አራት ዶላር። መሐል ላይ የፒክአፑ ኢንሹራንስ ክፍያ ሳያልፍ ቀረና ኢንሹራንሱ ተሰረዘ። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት አይቻልም፤ ፒክአፑ ተሸጠ። ቨርጂል ወንዙም ጋ፣ መቃብሩም ጋ መሄድ ቀረበት። እዚያ አገር መኪና የሌለው ሰው ሁለት እግር ቢኖረውም እግር የለውም።

ሎሬታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ሃምሳ ሕፃን በኋላ ማያ መስታወቷ በአንድ እይታ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። ባንኩ ጋ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። "አሠራራችን ነው" አሏት። ደሟ ፈላ። የአካባቢው ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ አነስተኛ ክስ እንደሚቀበል ሰማችና ፎርሙን በእጇ ሞልታ፣ በአባቷ ስም ባንኩን ከሰሰች። ስድስት መቶ ሰማንያ አራቱን ከነፒክአፑ ዋጋ።

በቀጠሮው ቀን አባትና ልጅ የባንኩን ወረቀቶች በጫማ ካርቶን ይዘው ቀረቡ። ሎሬታ ሌሊቱን ሁሉ ስትለማመድ ነው ያደረችው። ባንኩ ደግሞ ከኮለምበስ አንድ ለስላሳ ጠበቃ ላከ፤ ቦርሳው ውስጥ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረችው።

"ክብርት ዳኛ" አለ ጠበቃው፣ "ይህ ጉዳይ አልቋል። የባንኩ ደንበኞች በወል ከሰው፣ ባንኩ በዕርቅ ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው ውስጡ ያለው፤ አቶ ቨርጂልም አንዱ ናቸው። ለብቻዬ እከሳለሁ የሚል እስከ ማርች አሥራ አራት ድረስ 'አውጡኝ' ብሎ መጻፍ ነበረበት። እሳቸው አልጻፉም። ማስታወቂያው ግን በፖስታ ደርሷቸዋል።"

ወረቀቷን ለዳኛዋ ሰጠ፤ ዳኛዋ አይታ ለእነሱ አስተላለፈች። የፖስታ ካርድ ቅጂ ነው። ዳር ዳሩ አረንጓዴ። በትልቁ "ክፍያ ሊያገኙ ይችላሉ" ይላል፤ ከሥሩ አጉሊ መነጽር የሚያሻው ጽሑፍ ተርከፍክፎበታል።

ሎሬታ ካርዱን ወደ ራሷ ሳበችው።

ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ቨርጂል "ዕጣ ወጥቶልዎታል" የሚል ደብዳቤ አምኖ ሦስት መቶ ዶላር ለማያውቀው ሰው ልኮ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ ሎሬታ ሕግ አወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ይዛ ስትመጣ የፖስታ ሣጥኑን ራሷ ትከፍታለች። "ገንዘብ እንሰጥዎታለን" የሚል ነገር ሁሉ ሳይነበብ፣ ቤት ሳይገባ፣ ከሣጥኖቹ ጎን ወዳለው ሰማያዊ በርሜል ይጣላል። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ በርሜሉ የቆመውም ለዚሁ ነው። አንድ የጃንዋሪ ቅዳሜ ያንን አረንጓዴ ካርድ ይዛ ነበር። አባቷ በትከሻዋ በኩል አሻግሮ አይቶ "የባንኩ ስም አለበት እኮ" ብሏታል። "አባዬ፣ ገንዘብ በነጻ የሚሰጥ የለም" አለችና ወረወረችው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

"አቶ ቨርጂል" አለች ዳኛዋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገረው፤ "ይህን ካርድ ያስታውሱታል?"

ሎሬታ ካርዱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመደችው ንግግር ውስጥ ስለ ካርዱ ምንም አልነበረም።

"ደርሶኛል መሰለኝ" አለ ቨርጂል። "ጥዬው ይሆናል። እርጅና ነው፣ ክብርት ዳኛ። ወረቀት አይበረክትልኝም።"

ዳኛዋ አዘነች። ማዘኗ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ግን ማዘን ሌላ፣ ሕግ ሌላ። ክሱን ዘጋች። ከዚያ ወደ ሎሬታ ዞር ብላ፣ ለበጎ ነው፣ "ልጃቸው ነዎት አይደል? ለአባትዎ የሚመጣውን ደብዳቤ አንድ ሰው ቢያይላቸው ጥሩ ነው" አለቻት።

"እሺ" አለች ሎሬታ። "አያለሁ።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋው ደግሞ ካርቶኑን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለሎሬታ በሁለት በኩል የሚነድ እንጨት ነበሩ። ባንኩን ትረግማለች፤ አውቶቡሱን በፊቱ ስትነዳ በመብራት የደመቀውን የስሙን ሰሌዳ፣ የአበባ መደቡን፣ "ማኅበረሰባችንን እናገለግላለን" የሚለውን ጨርቅ ሁሉ ትረግማለች። ራሷን ግን እንዴት እንደምትረግም አላወቀችም። ስለዚህ ቀላሉን መንገድ ያዘች፤ አባቴ እውነትም ረስቶታል አለች። በርሜሉን ረስቷል፣ የነገራትን ረስቷል፣ ከነጭራሹ እየረሳ ነው። ይህን ስታስብ ይቀላታል። ስለቀለላትም አጥብቃ አመነችው። የቼክ ደብተሩን ወሰደችበት። ምድጃውን አጥፍተሃል ወይ እያለች በቀን ሁለቴ መደወል ጀመረች። ቅዳሜ ስትመጣ ገና ከበሩ "አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" ትለዋለች፤ እንደ ቀልድ አድርጋ።

ቨርጂል ይመልስላታል። አንድ ቀን እንኳ አልሳተም። እሷ ግን መጠየቋን አልተወችም።

በኦክቶበር ቼኩ መጣ። ዘጠኝ ዶላር ከአሥራ ሰባት ሳንቲም። ከሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺሁ ሲሶውን ጠበቆቹ ወስደው፣ የተረፈው ለሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው እኩል ተካፍሎ፣ ለቨርጂል የደረሰው ይህ ነው። አብራ የመጣችው ደብዳቤ ደግሞ በዘጠና ቀን ውስጥ ያልተመነዘረ ገንዘብ "ሕዝቡን የገንዘብ አያያዝ ለሚያስተምር" ድርጅት እንደሚሰጥ ትናገራለች። ሎሬታ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ሌባው ሰርቆ ሲያበቃ በተሰረቀው ብር በር አቆላለፍ ሊያስተምር ነው።

"እንመነዝረዋለን" አለች። "አንድ ሳንቲም አይቀርላቸውም።"

በጠዋቱና በከሰዓቱ የአውቶቡስ ጉዞ መሐል አባቷን ይዛ ባንኩ ሄደች። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሰልፉ ረዝሟል፤ ጣሪያ ሠሪዎች፣ ነርሶች፣ ጡረተኞች። መስኮቱ ላይ ያለችው ጁዋኒታ ናት፤ ከሎሬታ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ ሃያ ዓመት የዘመረች። ቼኩን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች።

"አቶ ቨርጂል፣ እዚህ የነበረዎትን ሒሳብ ዘግተዋል አይደል?"

"ዘግቻለሁ።"

"እንግዲያው..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሒሳብ ለሌለው ሰው ቼክ ስንመነዝር ስምንት ዶላር እንቆርጣለን።"

"ከዘጠኙ ላይ?" አለች ሎሬታ።

"ከዘጠኙ ላይ። አንድ ከአሥራ ሰባት ይደርሳቸዋል።"

"ጁዋኒታ፣ ይህ እኮ እናንተው የቀማችሁትን የምትመልሱበት ቼክ ነው።"

"ሎሬታ፣ እኔ አላወጣሁትም ሕጉን። የገዛ እናቴም ብትመጣ እቆርጥባታለሁ።"

"ታዲያ አታፍሪም?"

"አፍራለሁ" አለች ጁዋኒታ። "በየቀኑ ነው የማፍረው። ኢንሹራንሴ ደግሞ በዚህ ሥራ ነው።"

ከኋላ ክፍል ክራቫት ያሰረ ሥራ አስኪያጅ ብቅ አለ። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ፤ ቼኩን ተቀብሎ አየ፤ ከዚያ ቨርጂልን ትቶ ለሎሬታ ብቻ፣ ሰውየው እዚያ የሌለ ይመስል፣ "ይገባኛል፣ ያበሳጫል፤ ክሱንም ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው ነገር አዛውንቶች ማስታወቂያ ሳያነቡ ሲጥሉ የሚመጣ ነው" አላት።

ሎሬታ አባቷን አየችው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ መሬት መሬቱን እያየ ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ፊት ለፊት ያየ ሰው።

"እሱ አይደለም የጣለው" አለች። አውቶቡስ ውስጥ የምትጠቀምበት ድምፅዋ ነበር፤ እስከ በሩ ተሰማ። "እኔ ነኝ። በእጄ፣ ሳላነብ፣ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። እሱ የባንኩ ስም አለበት ብሎኝ ነበር። ፍርድ ቤትም እኔ ነኝ ዝም ያልኩት። ስትወቅስ እኔን ውቀስ፤ እሱን ተወው።"

ሥራ አስኪያጁ ቼኩን ለጁዋኒታ መለሰላት።

ከሰልፉ መሐል ልብሱን ሬንጅ የነካው ጣሪያ ሠሪ "ዳሩ አረንጓዴ የነበረው ካርድ ነው?" አለ።

"እሱ ነው።"

"እኔም ጥያለሁ። ማጭበርበሪያ መስሎኝ።"

"እኔም" አለች አንዲት ነርስ። "ነገሩ እውነት ነበር እንዴ?"

ሰልፉ ውስጥ ካሉት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ጥለውታል። ስምንተኛው አልደረሰውም። ዘጠነኛዋ አሮጊት አንብባዋለች፤ ግን ምን እንደሚል ስላልገባት ፍሪጅ ላይ ለጥፋው እንዳለ ነው። ባንኩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ካርዱን እንደ ዕጣ ማጭበርበሪያ አስመስሎ ያሳተመው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ለእሱ ዕጣ ወጥቶለታል።

"ቼኬን መልሺልኝ፣ ጁዋኒታ" አለ ቨርጂል። ተቀበላት፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። "ሎሬታ የቁጠባ ማኅበር አባል ናት፤ እዚያ ሳይቆርጡ ያስገቡልኛል።" ኮፍያውን አደረገና ቀድሟት ወጣ።

መኪናዋ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች።

"አልረሳህም" አለችው።

"'ገንዘብ በነጻ የሚሰጥ የለም' ነው ያልሽኝ። ቀይ ጓንት አድርገሽ ነበር። በረዶ ይጥል ነበር።"

"ታዲያ ፍርድ ቤት ለምን ዋሸህ?"

"የሰው ልጅ ጭነሽ ነው የምትነጂው። የማሪዌል እናቶች 'የአባቷን ወረቀት እንኳ ሳታይ የምትጥል' ሲሉሽ እንዳልሰማ ብዬ ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ረሳ ቢሉኝ ማንም አይደነግጥም።" መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወንዙ ወዳለበት አየ። "ግን አንቺም ታምኛለሽ ብዬ አልነበረም።"

ሎሬታ ሞተሩን አስነሣች።

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አላት አባቷ። "ሳትጠይቂኝ።"