ሚስማሩ ላይ የነበረው ጨርቅ

«እንግዲህ ሰውየው ቀዩን ጨርቅ ቤት ረስቶ መጥቶ፣ እጁን መጋዙ ውስጥ አስገብቶ ስለቱን ይፈታል!» አለ ከሰውየው ጋር ይሠራ የነበረው ቀለም ቀቢ፣ የቡና ስኒውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ሁለት ጣቱን ካጣ በኋላ ሐኪም ቤት ሄጄ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጣቶቼንም የት እንዳስቀመጥኳቸው ረሳሁ› አይለኝ መሰላችሁ!»

ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሐዘን ቤት እንደሚሳቀው ነው የሳቁት፤ መጀመሪያ ወደ ሟቹ ሚስት ሰረቅ አድርገው አይተው፣ ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው። እሷም ፈገግ አለች። ሟቹ ሰፈሩ ሁሉ «ዝንጉው» እያለ የሚጠራው አናጺ ነበር። ልቡን ታሞ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ከተኛ በኋላ አርፎ፣ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ብቻ አልሳቀም። ቀኝ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከዚያ አልወጣ ያለ እጅ ነው፤ ቡና ሲሰጡት በግራው ተቀብሎ በግራው ይጠጣል። ቀቢው «እጅህን ምን ሆንክ?» ሲለው «በረደኝ» ብሎ መለሰ፤ ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል።

ኪሱ ውስጥ ያለው ያ ቀይ ጨርቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ደብቆት ኖሮ፣ ለለቀስተኛ ወንበር ማስቀመጫ ሲባል የአናጺ ቤቱ ዕቃ ሲነሣ ሰው እንዳያገኘው ብሎ ነው ኪሱ የከተተው። አሁን ደግሞ ኪሱ ራሱ የሚናገር መሰለው። ሰው ሁሉ ስለዚያ ጨርቅ ያወራል፣ ጨርቁ ደግሞ እዚያው መሐላቸው ተቀምጧል።

አናጺ ቤቱ ከመኖሪያው ጀርባ ነው። አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። መጋዙ አሮጌ ስለሆነ የራሱ ማጥፊያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ከበራ እሱም ተነሥቶ ይዞራል። ስለዚህ ስለት የሚቀይር ሰው ሳጥኑን ያጠፋና ከበላዩ ባለው ሚስማር ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቁ እዚያ እስካለ ድረስ ሰማይ ቢደፋ ሳጥኑን የሚነካ የለም። ጨርቁ ከአናጺው ሚስት አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ነበር። አናጺው በሰቀለው ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርገዋል፣ እንዳይወድቅ።

አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት ታናሹ ሃያ ዓመቱ ነበር። ወንድሙ ስለት ሊቀይር መጋዙ ጋ መሄዱን ሳያይ፣ የወንበር እግር እያጣበቀ ሳለ ኮላው እጁ ላይ ፈሰሰ። ዓይኑን ከወንበሩ ሳያነሣ ወደ ኋላው ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ ጣቶቹ አንድ ጨርቅ አገኙና ጎትቶ እጁን ጠረገበት። ወዲያው የኮላው ማሞቂያ መቀዝቀዙን አየ። ዞር ሲል ሳጥኑ ጠፍቷል፤ ሚስማሩም ባዶ ነው። ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው። ሚስማሩ ባዶ የሆነው ጨርቁ በገዛ እጁ ላይ ስለሆነ እንደሆነ የገባው መጋዙ ከጮኸ በኋላ ነው።

ወንድሙ አልጮኸም። ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። ታናሹም ሳጥኑን አጠፋ፤ ከዚያ ወደ ወንድሙ ከመሮጡ በፊት ጨርቁን ኪሱ ከተተው። ጣቶቹን የቆረጠው ስሕተት ነው፤ ለዚያ ሌሊትም ቀንም ሲያለቅስ ምክንያት ያገኝለታል። ለዚያች ኪስ ግን አንድም ቀን ምክንያት አግኝቶላት አያውቅም።

አንድ ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ «ጨርቁስ? ጨርቁ የታለ?» ሲል፣ ፊቱ አመድ የመሰለው አናጺ «ቤት ረስቼው ነው የመጣሁት» አለ። ታናሹ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሕመሙ አእምሮውን አስቶት ነው፣ የሰቀለውን ረስቶታል አለ በልቡ፤ አለና ዝም አለ። «ዝንጉው» የሚለው ስም የዚያን ሳምንት ወጣ። የየበሩንና የየመስኮቱን ልክ ያለ ወረቀት በቃሉ የሚይዘው ሰው ዝንጉ ተባለ፣ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ታናሹ ከዚያ ወዲህ እንደ በሬ ሠራ። ቀድሞ ይከፍታል፣ መጨረሻ ይዘጋል። የራስህን ቤት ክፈት ሲባል «እኔ ከጋሼ ጋ ይበቃኛል» ይላል። ወንድሙ «ና፣ ቁጭ በልና አብረን እንብላ» ባለው ቁጥር የሚሳል መላጊያ ያገኛል። ያ ሰው ዓይን ለዓይን አይቶት የሆነ ነገር እንዳያስታውስ ይፈራ ነበር።

ቀቢው ጨዋታውን ሲጨርስ፣ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የሆኑት ጡረተኛ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ሠርቶ ሊያስተሰርየው ይፈልጋል። ጸጋ ግን የልፋት ዋጋ አይደለም። ሳይገባን፣ ሳንጠይቅ ቀድሞን የሚመጣ ነው። እኛ የምናደርገው መቀበል ብቻ ነው፤ ያቺ ግን ለኩሩ ሰው ከባድ ናት።»

«መምህር» የሚል ድምፅ ወጣ። ታናሹ ራሱ እንደተናገረ ያወቀው ሰው ሁሉ ሲዞር ነው። «የበደለው ሰው… ቢሞትበትስ? ማንን ይቅርታ ይጠይቃል?»

መምህሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ማን ሞቶበት ነው?»

«እንዲያው… ለማወቅ ያህል ነው።»

መምህሩ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የወንድሙ ሚስት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ጠራችው።

«አንተ፣ ስኒውን አስቀምጥና ወደዚህ ና። ወንድምህ ንገሪው ያለኝ ነገር አለ።»

 ሆስፒታል ሆኖ አስታወሰ ማለት ነው። ከወንበሩ እስከ ውጭው በር ሦስት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ደግሞ ሃያ ቢሆን ነው። ልብሱንም ሳይዝ መሄድ ይችላል። ከሄደ ግን ይህ ቤት፣ እነዚህ ሰዎች፣ ያለችው ብቸኛ ዘመድ፣ ሁሉም አበቃ። ከቀረም አበቃ። ትላንትና ከትላንት ወዲያ «ወንድም እንዲህ ነው» ብለው የሳሙት ሰዎች ነገ ሲያዩት መንገድ ይሻገራሉ። እግሩ ወደ ውጭ እምቢ አለው፤ ወደ ጓዳ ሄደ።

«በሩን ዝጋው» አለች። ዘጋው።

«ሦስት ቀን ሙሉ እጅህን ከኪስህ አላወጣህም። ምንድን ነው የያዝከው?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ አቅም አጣ። ጨርቁን አወጣው። ኮላ ደርቆበት ቆርፍዷል። ተቀብላው በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ቀሚሴ» አለች በቀስታ።

«እትዬ፣ እኔ…»

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልናገር፣ አደራ አለብኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ይህን ጨርቅ አጥቤ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቤት ረሳሁት ማለቱን ስሰማ ‹ምን ነካህ?› አልኩት። ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ‹ሰቅዬዋለሁ፣ ሁለቴም ስቤዋለሁ። መሬት ላይ ሆኜ ወንድሜ ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ› አለኝ።»

 ዱካው ላይ ቁጭ አለ። «ያውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ።»

«እርስዎም?»

«እኔም። ግን እንደሱ ነበርኩ ብለህ እንዳታስብ። ሸሚዙን በየጠዋቱ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ፊትህን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ‹ተናገርና ይለይለት› ስለው ‹ልጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የወንድሙን እጅ የቆረጠ ሲባል ይኑር? እኔን ዝንጉው ቢሉኝ ምን እሆናለሁ?› አለኝ። ያንተን ጥፋት የራሱ ስም አድርጎት ኖረ።»

«ታዲያ ለምን ለኔ…?»

«ራስህ እስክትነግረው ሲጠብቅ ነዋ! እዚያ ላይ ሞኝ ነበር፤ ብዬዋለሁም። ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነው የቆጨው። ‹እኔ ይቅር ያልኩት የዚያኑ ዕለት ነው፤ እሱ ግን እንደ ቅጣተኛ ሲያገለግለኝ ኖረ። ወንድም ነበር የፈለግሁት። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ አብሮኝ ምሳ አልበላም› ብሎ አለቀሰ። ‹ንገሪው፤ ያኔውኑ አልቋል፣ ምንም የሚጠበቅበት የለም በይው› አለኝ። ይኸው ነገርኩህ።»

ታናሹ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰው ለቅሶ ነው የመጣው። መፍራቱን ለምዶታል፤ ያላወቀው ነገር የሚፈራው ሰው በየቀኑ ምሳ ይዞ ሲጠብቀው እንደነበር ነው። እነዚያ ምሳዎች አንገበገቡት።

«እርስዎስ እትዬ?» አለ በመጨረሻ። «ይቅር ብለውኛል?»

«እኔ ገና እየለመድኩት ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን አሥራ አንድ ዓመት ቡናዬን ስትጠጣ መርዝ አላገኘህበትም፣ አይደል?»

እያለቀሰ ሳቀ። ጨርቁን መለሰችለት። «ለሰው ተናገር አላልኩህም» አለችው። «እሱም አላለም።»

ሳሎን ሲመለስ አዲስ እንግዶች ገብተዋል፤ ቀቢው ከሥር ከመሠረቱ እንደገና ጀምሮላቸዋል። «…ቀዩን ጨርቅ ቤት ረስቶ መጥቶ…»

«አልረሳም» አለ ታናሹ።

እጁን ዘረጋ፤ ጨርቁንም ሁሉም አየው። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀውም። ቢሆንም ያ ፍርሃት አፉን የመዝጋት ሥልጣን እንዳጣ ታወቀው።

«ጋሼ ምንም ነገር ረስቶ አያውቅም። ጨርቁን ሰቅሎት ነበር። እጄን ልጠርግበት ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ሳጥኑን ያበራሁትም እኔ ነኝ፣ ኪሴ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እያወቀ በራሱ ላይ አደረገው። ከዛሬ ጀምሮ ዝንጉው እንዳትሉት።»

 መምህሩ «ቅድም የጠየቅከኝ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቀቢው ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «በየቀኑ እኮ ነው ስስቅበት የኖርኩት» አለ ለራሱ። «አንድ ቀን እንኳ ተው አላለኝም።»

ታናሹ በጓሮ በኩል ወጥቶ ወደ አናጺ ቤቱ ሄደ። መጋዙ በሸራ ተሸፍኗል፤ የወንድሙ ሽርጥ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ከአደጋው በኋላ ሳጥኑ ቁልፍ ስለተበጀለት ጨርቅ መስቀል ቀርቶ ነበር። ሚስማሩ ግን አለ። ሠራተኞቹ እንንቀለው ባሉ ቁጥር ጋሼ «ይቆይ፣ ይፈለግ ይሆናል» ይላቸው ነበር።

ታናሹ የቆረፈደውን ጨርቅ በመዳፉ አሻሽቶ አፍታታውና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገው፣ እንዳይወድቅ።