የኮንያኩ ሻጩ ወገብ

«ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ቶኩዞ» አለች ነርሷ ሜትሯን እየዘረጋች።

ቶኩዞ እያመነታ ከፍ አደረገ። ጠዋት ሚስቱ ሱሚኤ ጉልበቷን ጀርባው ላይ ተክላ፣ እየጎተተች የጠመጠመችለት ወፍራም መቀነት ብቅ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ብርድ ነው፣ ሲስተር። ሆዴን ይበርደኛል።»

«በዚህ ሙቀት? ይፍቱት እባክዎ!»

ከኋላው የተሰለፉት ወንዶች በሳቅ ፈነዱ። በመንደሩ አዳራሽ በየዓመቱ ወገብ ይለካል። አርባ ዓመት የሞላው ሁሉ ይሰለፋል፤ ከሰማንያ አምስት ሳንቲሜትር ያለፈ ወንድ ምክር ሊሰማ ይላካል። ለሌላው ሰው ነገሩ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ስብከት ነው። ለቶኩዞ ግን የመኖር ጉዳይ ነበር። እሱ የሚሸጠው ኮንያኩ ነው፤ ያ ከተክል ሥር ተፈጭቶ የሚሠራው፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጠው፣ ሆድ ሞልቶ የማያወፍረው ግራጫ ምግብ። በሱቁ በር ላይም «በየቀኑ እበላዋለሁ፤ ወገቤ ሰማንያ አራት!» የሚል ማስታወቂያ ከፎቶው ጋር ሰቅሏል። ፎቶው ከሃያ ዓመት በፊት የተነሳ ነው። ጽሑፉም ቢሆን ግማሹ እውነት ነው፤ በየቀኑ ይበላዋል። አስከትሎ የሚያወርደውን የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ግን የትኛው ሞኝ ነጋዴ ይጽፋል?

መቀነቱ ተፈታ። ቶኩዞ ትንፋሹን ስቦ ድርቅ አለ። ነርሷ ለካች። መዝጋቢው አዛውንት ጆሯቸው ደከም ስላለ መጮህ ነበረባት።

«ሰማንያ አራት ተኩል!»

«አላልኳችሁም!» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ ወገን መጣ። መሃል ላይ የተጋረደውን መጋረጃ ገልጠው እማማ ኪኑኤ ብቅ አሉ። የሰባ አንድ ዓመት ጎረቤቱ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ክብደት ይቀንሱ ብሏቸዋል። «እኔማ ይሄን ሰው አይቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኮንያኩ በቀር አንድ ነገር በአፌ አልዞረም!»

ቶኩዞ ሆዱን እንደሳበ ዞሮ አያቸው። ፊታቸው ወረቀት መስሏል። መጋረጃውን እንደ ምርኩዝ ይዘውታል።

«ሩዝስ?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ምን ሩዝ አለ! ዓሣውንም እንቁላሉንም እርም ብያለሁ። ትናንት ደረጃው ላይ ዞሮብኝ ልወድቅ ነበር። ያንተን ፎቶ አስቤ ቻልኩት!»

ቶኩዞ ክው አለ። በየጠዋቱ ሦስት ሦስት እየጠቀለለ የሰጣቸው ራሱ ነው። «አንዱ የኔ ስጦታ ነው» እያለ አራተኛ ሲጨምርላቸውም በደግነቱ ልቡ ይሞቅ ነበር። አሁን በዚያ ደግነቱ አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እማማ፣ ይብሉ እንጂ! ኮንያኩ ብቻውን ምግብ አይሆንም። ሩዙንም ዓሣውንም ትንሽ ትንሽ፣ እሱን ከጎን…»

«አይ ትሕትና!» አሉ እማማ ኪኑኤ፣ ወደ ሴቶቹ ዞረው። «ሰማንያ አራት ሆኖም አይኮራም! እኔ እንደሆንኩ አልተውም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እገፋበታለሁ።»

ሱሚኤ በመጋረጃው ጠርዝ አንገቷን አስግጋ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «አንተ፣ ጨረስክ አይደል? ሸሚዝህን አውርድና ና ውጣ!»

ሊወጣ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከኋላው እማማ ኪኑኤ ወንበር ፈልገው ሲደገፉ ሰማ። ቆመ።

«ሲስተር፣ እንደገና ይለኩኝ።»

«ተለኩ እኮ!»

«ትንፋሼን ይዤ ነው።»

«ቶኩዞ!» አለች ሱሚኤ። «ሱቃችንን አስበህ ነው?»

«አስቤ ነው» አለና ትንፋሹን ለቀቀው። ሆዱ ከረጅም መንገድ እንደተመለሰ ሰው ዘርፈጥ ብሎ ወጣ። ነርሷ ሜትሯን አዙራ አነበበች፤ አዘነችለት መሰል፣ ቁጥሩን በሹክሹክታ ተናገረች።

«ስንት?» አሉ መዝጋቢው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ነርሷ ቶኩዞን አየችው። ቶኩዞ ለመዝጋቢው ጀርባውን ሰጠ፤ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«ዘጠና ስድስት፣ እማማ ኪኑኤ! ዘጠና ስድስት!»