አለበል ያረመው ፊደል

የቀበሌው ሊቀ መንበር አለበል ፊደል መቁጠሩ ዕዳ ነበር፤ ለእሱ ሳይሆን ለሰፈሩ። የቃሉ ፍቺ ባይገባው እንኳ ማረሙን አይተውም።

ነርስ የሺመቤት ለቀበሌው የጻፈችው ሁለት መስመር ነው፦ «የወይዘሮ ውዴ ሕፃን በሰባት ወሩ ሞቶ ተወልዷል። እንግዴ ልጁን አባትየው ቢያዝን በጓሮ ቀብሮታል።» ሴት በወለደችበት ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። አለበል ግን ቀይ እስክሪብቶውን መዘዘና «ዴ»ን «ዳ» አደረጋት። እንግዳ ልጅ! ሳይመዘገብ ያደረ፣ ሳይመዘገብ የተቀበረ! ዘመኑ ደግሞ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የቀይ ሽብር ነው፤ ያላስመዘገቡት እንግዳ ከቤት የተገኘ እንደሆነ ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል።

የሺመቤት እየሮጠች ስትደርስ ቢያዝን የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጓሮውን ይቆፍራሉ። ጣና ቅርብ ነውና ጉድጓዱ ከወዲሁ ውሃ አቁሯል። ውዴ በሩን ተደግፋ፣ ነጠላዋን ሆዷ ላይ አጥብቃ ታያለች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እንግዴ ልጅ እኮ ሰው አይደለም» አለች የሺመቤት።

«ልጅ ይላል እኮ!»

ወይ ጉድ! የዚህ ሰውዬ እናት ልጁን ቀብረው እንግዴ ልጁን ይሆን እንዴ ያሳደጉት? የሺመቤት ይህን በሆዷ አለች፤ ቢያዝን ገና አልተፈታም።

አካፋው የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣ። ጠባቂዎቹ ፈተው አዩና አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። አለበል ብቻ ጎንበስ ብሎ «ምንድን ነው?» አለ።

«የሕፃኑ ስንቅ የሚያልፍበት ነው» አለች የሺመቤት። «የወጣ ቀን በእጄ ይዤ አይቸዋለሁ። ጤነኛ ቢሆን እንደ ጉበት ቀይና ለስላሳ ነበር። ይኸ ግን ያኔውኑ ነጣ ነጣ ብሎ ደርቆ ነበር። ውዴን በስድስት ወሯ ኩፍኝ ይዟት ነበር። ቫይረሱ እዚህ ገብቶ ደሙን አረጋው፤ ምግቡም አየሩም ተዘጋ። ልጁ እናቱ ሆድ ውስጥ ታፍኖ ሞተ።»

ውዴ ከበሩ ተላቀቀች። ሁለት ቀን ሙሉ «ውሃ ተሸክሜ ገደልሁት» እያለች ስትንሰቀሰቅ ነበር የሰነበተችው።

«እኔ አይደለሁም?»

«አንችማ አይደለሽም።»

«ኩፍኙ እንግዲያ ከየት ያዘኝ?»

የሺመቤት አለበልን አየችው። ሰፈሩ በኩፍኝ ሲታመስ «ስብሰባ የቀረ ፀረ አብዮት ነው» ብሎ፣ ሽፍ ያለባቸውን ሕፃናት ከነእናቶቻቸው አዳራሽ ዘግቶባቸው ሦስት ሰዓት የለፈለፈው ማን ሆነና! እርጉዟ ውዴ «ልውጣ» ብላ እጇን ብታወጣ «ከአጀንዳው ውጭ ነው» ብሎ ያስቀመጣትስ ማን ነው? ውዴም የየሺመቤትን ዓይን ተከትላ አየችው።

አለበል ጉሮሮውን ጠረገ። «የጽሕፈት ስሕተት ነው» አለ፣ የማን እንደሆነ ሳይናገር። «ፍቱት። ያንንም መልሳችሁ ቅበሩት።»

ቢያዝን ሲፈታ ውዴ ከጠባቂው አካፋውን ተቀበለችና አለበል እጅ ላይ አኖረችው።

«አንተው ቅበረው» አለችው። «የቀበሌውን እንግዳ ሁሉ ትመዘግባለህ፤ የእኔን እንግዳ ግን ሳይገባ ከደጅ መለስኸው።»

ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ወደ ጣና አዞሩ። አለበል ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው አጣ። ጎንበስ አለና፣ ቀዩ እስክሪብቶ ከኪሱ እንዳይወድቅበት ባንድ እጁ ይዞ፣ አፈሩን መመለስ ጀመረ።