የአብደላ ልብ ወይስ እግር

የኢሱዙ ሹፌሩ አብደላ የደሙ ቅባት አሻቅቦ «በየጠዋቱ ዳገት ውጣ» ከተባለ ሦስት ወር ሆነው። እሱም በየጠዋቱ ቱታውን ለብሶ ይወጣል፤ መውጣቱንስ ይወጣል። ግን እንጦጦን የሚያያት ሲግናል ሰፈር ካለው ከኑዕማን ፉል ቤት መስኮት ነው። ፉሉን በቅቤና በእንቁላል አጣጥሞ፣ ግንባሩን ውሃ ነካ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ሚስቱ ዘሙሩድ «ማሻአላህ፣ ላብህ!» እያለች ፎጣ ታቀብለዋለች። እንዲህ ያለችን ሴት መዋሸት ግፍ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነውና አንድ እሑድ ዘሙሩድ ስኒከሯን አጥልቃ «ዛሬ አብሬህ ነኝ» አለች።

አብደላ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ዳገት የለመደ ለመምሰል ፊት ፊት እየቀደመ ወጣ። ይህ አልበቃ ብሎት፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክመው የሚያዘግሙ እናት ሲያይ «እማማ፣ ያምጡት!» ብሎ ሃያ አምስት ኪሎውን ትከሻው ላይ ጣለው።

«ልጄ ይቅርብህ፣ ፊትህ ጠቁሯል» አሉት።

«ለምጄዋለሁ!» አለ። እንጦጦ ማርያም አጥር ሥር ሲደርስ ደረቱን ይዞ ተዘረረ።

ክሊኒክ ወሰዱት። ዶክተር ሰላማዊት የልብ ምቱን በመሣሪያ አየች፤ ደህና ነው። የደሙ ውጤት ሲመጣ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«የልብ ጡንቻ ውስጥ ቅባት የሚያመላልስ ፕሮቲን አለ» አለች። «ቅባቱ ለልብ ነዳጁ ነው። ጡንቻው ሲጎዳ ግን ተሸካሚው ፕሮቲን ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። በእርስዎ ደም ውስጥ በዝቷል።»

አብደላ ሹፌር ነውና ወዲያው ገባው። መኪናው ካልተጋጨ ረዳቱ አስፋልት ላይ ተዘርሮ ምን ይሠራል?

«ግን ይኸው ፕሮቲን እግርና ትከሻ ውስጥም አለ። ያልለመደ ሰው ድንገት ከባድ ሥራ ሲሠራ ከዚያም ይወጣል። ዳገት ለምደዋል?»

«ሦስት ወሩ!» አለች ዘሙሩድ ቀድማ። «አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም።»

«እንግዲያው ከልብ ሳይሆን አይቀርም። ሆስፒታል እንላክዎ።»

አብደላ ዓይኑን ከሚስቱ አሸሸ። ቢናገር ጉድ ፈላ፤ ባይናገር ላልታመመ ልብ ሊታከም ነው። ዘሙሩድ ዓይኑን ስታይ አንድ ነገር ጠረጠረች። እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው፤ እንባዋ ይወርዳል።

«አብደላ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዋሽቼሻለሁ በለኝ!»

«አንድም ቀን አልወጣሁም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አልሐምዱሊላህ! ሰሙ ዶክተር? ውሸታም ነው!» ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ግን ግድም አልሰጣት፤ ግንባሩን ሳመችው።

ዶክተሯ ለማረጋገጥ ልብን ብቻ የሚለይ ሌላ ምርመራ አዘዘች። ከሰዓታት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ልቡ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የእግሩና የትከሻው ነው።

ዘሙሩድ እንባዋን ጠራርጋ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«በል አሁን ንገረኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ማን ጋ ነበርክ?»

አብደላ ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ዶክተር፣ ለጥንቃቄ ያህል ዛሬ እዚሁ ባድር አይሻልም?»