ለሜሞሪ ከመቶ አምስት

ፊሽካ ካርዱን ሲያስረክበኝ ምን አስፈገገው?

ያን ቀን ተከራክሮ የተረታ ሰው ኀፍረቱን የሚሸፍንበት ፈገግታ መስሎኝ ነበር። ፊሽካ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ብሎን በፈታ ቁጥር በተሸረፈ ጥርሱ መሀል ስለሚያፏጭ ነው ስሙን ያገኘው። ሱቁ በጫማ አዳሽና በላውንደሪ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት።

እኔ ደግሞ ሩቅ አገር ኢንጂነሪንግ ተምሬ ከተመለስኩ አራት ወሬ ነበር። አራቱንም ወር ሥራ እያማረጥኩ በታላቅ እህቴ ሶፋ ላይ ተጋደምኩ። እትዬ ነው የምላት። የአርክቴክቶችን ንድፍ ወደ ፊልም ትቀይራለች፤ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ ውስጥ ገብተህ የምትዞር ነው የሚመስልህ። ያን ሰሞን የአንድ ክሊኒክ ፊልም ይዛ ነበር። ሰኞ ጠዋት ካላስረከበች፣ ሥራ የሚሰጣት ብቸኛው አርክቴክት ሌላ ቢሮ እንደሚፈልግ ቁርጡን ነግሯታል። ሐሙስ ጠዋት ምስሉን የሚሠራላት የኮምፒውተሯ ግራፊክስ ካርድ ተቃጠለ።

ዓርብ ጠዋት የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ አቧራውን እየጠረገች፣ «ፊሽካ ጋ ሂድና ካርዱን ተቀበልልኝ። ተነጋግረን ጨርሰናል» አለችኝ።

«የትኛውን ካርድ?»

«እሱ ያውቀዋል።»

እሱ ያውቀዋል! ማፏጨቱን ነው የሚያውቀው፣ አልኩ በሆዴ። ከመውጣቴ በፊት ላፕቶፔ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ገበያ ላይ የሚገኙ አሥራ አንድ ካርዶችን ደረደርኩ፤ የኮር ብዛታቸውን፣ ፍጥነታቸውን፣ ሜሞሪያቸውን፣ የሚበሉትን ኤሌክትሪክ፣ በፈተና ያመጡትን ውጤት። ለየዓምዱ ከመቶ ነጥብ አደልኩ። ለፍጥነት አርባ። ለሜሞሪ አምስት። ለምን አምስት ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ቢኖርም በንቀት የምመልስለት አላጣም።

ፊሽካ ሲያየኝ ምንም ሳይለኝ ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ካርድ አወረደ። ከሁለቱ ማራገቢያዎች አንዱ ከሌላ ካርድ የተነቀለ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አይገጥምም። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፦ «የክሊኒኳ። አሥራ አንድ ጊጋ ሜሞሪ ጠየቀ፣ ቻለው። በር ተዘግቶ ሁለት ሰዓት።»

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ፈተናው ነዋ። እህትህ ትናንት ፋይሏን በዲስክ አምጥታልኝ ነበር። የሰውየውን የራሱን ሥራ እጭንበታለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ሙቀቱን እለቅበታለሁ። ካልሞተ ይሸጣል።»

ዙሪያውን ቃኘሁ። በየካርዱ ጀርባ እንዲህ ያለ ወረቀት አለ። «ካርታ ሠሪው፣ ጥሩ።» «የሠርግ ቪዲዮ ሠሪው፣ ይንጫጫል።» ሳቄ መጣ።

«ይሄ እኮ መለኪያ አይባልም» አልኩት። «መለኪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።»

«ሥራቸው አንድ ዓይነት አይደለማ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ኧረ? ሲያዩህ ትመስላለህ» አለና አፏጨ።

ላፕቶፔን ገለጥኩለት። ከሠንጠረዤ አናት ላይ የተቀመጠው ካርድ እዚያው ሱቁ መስታወት ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ተቀምጦ ነበር። ፍጥነቱ የአሮጌው እጥፍ ነው፤ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም።

«ሜሞሪው ግን ስምንት ጊጋ ነው» አለ።

«ፍጥነቱን እያየህ!»

«አይቻለሁ። እህትህ ግን...»

«ለእህቴ እኔ አለሁላት። ካርድ ልወስድ እንጂ ምክር ልጠይቅህ አልመጣሁም።»

ፉጨቱ ቆመ። አዲሱን ካርድ ይዞ ወደ ጓዳው ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ በካርቶኑ አድርጎ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያለው። «ይቅናህ ጌታው» አለኝ።

ቤት ስደርስ እትዬ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። «ይሄን ነው የሰጠህ? ፋይሌን ሞክሮበታል?»

«ዓለም ሁሉ ሞክሮታል» አልኳት።

የደከመው ሰው እንደሚያምን አመነችኝና ከወንበሯ ተነሣችልኝ። ካርዱን እኔው ገጠምኩት። ከጀርባው ጣቴን የነካኝ ወረቀት የፋብሪካ ምልክት መሰለኝ።

የክሊኒኩን ፋይል ስትከፍተው ፕሮግራሙ አራት ደቂቃ አሰበና ሜሞሪ አነሰኝ ብሎ ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው፤ እንደገና ተዘጋ። «ፊሽካ ጋ ልደውል» ስትል፣ «ምን በወጣው! የሶፍትዌር ችግር ነው» አልኩና ኪቦርዱን ያዝኩ። ዓርብ ከሰዓትን በሙሉ ፕሮግራም ስጭንና ሳጠፋ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋትም እዚያው ነበርኩ። ስምንት ውስጥ አሥራ አንድ እንደማይገባ ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ገብቼ ስለነበር አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ደወለች። የፊሽካ ድምፅ ከስልኩ ውጪ ይሰማል። «ወንድምሽ አሮጌውን አንፈልገውም ሲለኝ ለካርታ ሠሪው ሰጠሁት፤ እሱም ይዞት ከከተማ ወጥቷል። እስቲ ልጠይቅልሽ።» ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። እንደዚያ ያለ ካርድ በሰፈሩም፣ በገበያውም የለም።

አልተቆጣችኝም። ወንበሯን ሳበችና ክሊኒኩ ካርዱ ላይ እንዲገባ ዕቃውን መቀነስ ጀመረች። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያሉትን ዛፎች አጠፋች። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች፣ አንድ በአንድ። ከዚያ የመስኮት መጋረጃውን፣ አልጋዎቹን፣ የወለሉን ንጣፍ። ለእያንዳንዱ ስንት ቀን እንደፈጀባት አልነገረችኝም። እኔም ከኋላዋ ቆሜ የማየው የሜሞሪውን ቁጥር ነበር። «ሰባት ነጥብ ዘጠኝ!» አልኩ፣ ጎል የገባ ይመስል። ዞራም አላየችኝ።

ፊልሙ በእርግጥ ፈጥኖ አለቀ። ሠንጠረዤ ስለ ፍጥነቱ አልዋሸም።

ሰኞ አርክቴክቱ ቆሞ አየውና፣ «እህቴ፣ ይሄ ክሊኒክ ነው ወይስ መጋዘን?» አለ። እጇን ጨብጦ ሄደ። በወሩ እትዬ እሱ በእሷ ምትክ በመረጠው ቢሮ ተቀጠረች፤ ጠዋት ጠዋት የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሌላ ሰው በር ትስላለች። የቤቷ ኮምፒውተር ላይ ጨርቅ ጣል አደረገችበት።

ካርዱን ለፊሽካ ልመልስ ስነቅለው ነው ወረቀቱን ያነበብኩት። በእስክሪብቶ፣ በዚያው የተጣመመ ጽሕፈት፦ «የዶክተሩ። በጣም ፈጣን። በምንም አልተሞከረም።»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ካርድ የመረመርኩ ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ነገር ሳይጠፋ በፊት ክሊኒኩ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩላት፦

«እትዬ፣ ዛፎቹ ያሉበት ክሊኒክ አሁንም ዲስኩ ላይ አለ? ታሳዪኛለሽ?»

ማንበቧን ስልኩ ነገረኝ። ማታ ስትገባ እራት በልተን ስለ ውሃው መቋረጥ አወራን። መልእክቱ መልስ ሳያገኝ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።